ከአስፋልት ወጥቶ በሰላም መመለስ፦ ለጎንደር ዙሪያ መንገዶች የሹፌር መመሪያ

ክረምት በገባ ቁጥር ከቆላድባ ወደ ገጠር በሚገቡ መንገዶች ላይ እስከ ሆዱ የሰመጠ መኪና አይጠፋም። የሚገርመው፣ አብዛኛው ደካማ መኪና አይደለም። ፕራዶ ነው፣ ላንድክሩዘር ነው፣ ሃይሉክስ ነው። ሹፌሩ «ፎርዊል አለኝ» ብሎ ሳይወርድና ሳያይ ይገባል። መኪናው ሲቀረቀር ነዳጅ ይረግጣል። ከዚያ የትራክተር ፍለጋ ነው።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ያዙት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች የዘለለ ሰው የሚያስፈልገው ዘጠነኛው ደረጃ ነው።

1. መኪናችሁን እወቁ

ከፍ ያለ መኪና ሁሉ ፎርዊል (አራቱንም ጎማ በሞተር የሚያዞር) አይደለም። ፎርዊል የሆነውም ሁሉ ሎው (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ማርሽ) የለውም።

*ሎው ያለው።* ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ፓትሮል፣ ፓጄሮ፣ ፎርዊሉ ሃይሉክስ፣ አሮጌዎቹ ቪታራዎች። ከዋናው ካምቢዮ አጠገብ ሁለተኛ አጭር ካምቢዮ ወይም የሚዞር ቁልፍ አላቸው። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእነሱ ነው።

*ሎው የሌለው።* ራቭ ፎርና መሰሎቹ። ለደረቅ ፒስታና ለቀላል ኮረኮንች ይበቃሉ። እርጥብ ዋልካ (የሚጣበቅ ጥቁር አፈር)፣ ወንዝና ረጅም ቁልቁለት ግን ተዉት።

*ኤሌክትሪኮቹ።* ቁመታቸው አያታልላችሁ። ባትሪው ከሆዳቸው ሥር ነው የተዘረጋው። አንድ ሹል ድንጋይ ከመኪናው ዋጋ ብዙውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከደረቅ ፒስታ አታውጧቸው።

አሁን ጎንበስ በሉና ከሥር እዩ። መሬት የሚነካው መጀመሪያ የትኛው ክፍል ነው? በብዙ መኪና የዲፈረንሻሉ እንቁላል ነው፤ በሌላው ማርሚታው ነው። በየትኛው በኩል እንደሆነ ያዙ። ድንጋይ ላይ ስትደርሱ የምትነዱት እሱን እያሰባችሁ ነው።

2. ከጎንደር ከመውጣታችሁ በፊት

*መንገዱን ጠይቁ።* በዚያው ቀን ጠዋት፣ በዚያው መስመር የሚሠራ ሹፌር ፈልጉ። መናኸሪያ ሂዱ ወይም ደውሉ። መንገዱ ክፍት ነው? ሰላም ነው? ትናንት ዘንቦ ነበር? ሦስቱም መልስ ካላገኙ አትነሡ። ሳምንት የቆየ ወሬ አይሠራም።

*ሰዓቱን አስሉ።* በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ማልዳችሁ ውጡ፤ ወንዝና ዋልካውን ከቀትር በፊት እለፉ። ማታ ከአስፋልት ውጪ አትንዱ። ጉድጓዱ አይታይም፣ ከብቱ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ብትቀረቀሩም የሚረዳ የለም።

*ሰሜን ተራራ የምትገቡ* ደባርቅ ላይ ያለው የፓርኩ ቢሮ መጀመሪያ ትደርሳላችሁ። ፈቃድና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ለስካውቱ መቀመጫ ቦታ አስቀሩ፤ ሻንጣ ጭናችሁ ጨርሳችሁ መጨቃጨቅ የለም። ነዳጁን ጎንደር ላይ ሙሉ። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ በሎው ስትነዱ መኪናው የሚጠጣው አስፋልት ላይ ከለመዳችሁት በጣም ይበልጣል።

*ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ፈትሹ።* ሁሉም ሰው ስኮርታ አለው፤ ንፋስ ያለበት ስኮርታ ያለው ግን ጥቂት ነው። ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። ጎሚስታው ብሎኑን በረጅም ቱቦ አጥብቆት ከሆነ እናንተ በመኪናው አጭር መፍቻ አትፈቱትም። ቤታችሁ ደጃፍ ላይ አንድ ጎማ ፈታችሁ አስገቡ። ክሪኩ ይነሣል? መፍቻው ይገጥማል? ብሎኑ ይላቀቃል? ይህን ከጭቃ ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይጠቅምም።

*የምትይዙት ዕቃ ይህ ነው፦*

- አካፋ። እጀታው አጭር ቢሆንም ይሁን፣ ብቻ ይኑር።
- ክሪኩ የሚቀመጥበት ወፍራም ጣውላ። ያለ ጣውላ ክሪክ ጭቃ ላይ ይሰምጣል እንጂ መኪና አያነሣም።
- የጎማ ንፋስ መለኪያና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር።
- መጎተቻ። ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ይሻላል። ሰንሰለትና ሽቦ ገመድ ሲበጠሱ ሰው ይገድላሉ።
- ሁለት ታኮ (ጎማ እንዳይንከባለል የሚደገፍበት)። ድንጋይ አይጠፋም ትላላችሁ፤ ደምቢያ ሜዳ ላይ ይጠፋል።
- የሚጠጣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ፣ ወፍራም ጓንት።

ዕቃውን እሰሩት። መኪናው ሲዘል ከኋላ የሚበር ክሪክ ጭንቅላት ይመታል። ጣሪያ ላይ ከባድ ነገር አትጫኑ። ዳገት ጎን ላይ የሚገለብጠው እሱ ነው።

3. ጎማውን አስተንፍሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ንፋሱ የቀነሰ ጎማ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ጭቃ ላይ አይሰምጥም፣ ድንጋይ ላይ ደግሞ አይነጥርም።

መነሻችሁ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። በብዙ መኪና ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው።

1. አስፋልቱ ሲያልቅ ዳር ይዛችሁ ቁሙ።
2. የቫልቩን ጫፍ በቀጭን ነገር ተጫኑ። በየጥቂት ሰከንዱ ለኩ።
3. ለኮረኮንችና ለድንጋይ ወደ 26 አውርዱ።
4. ለጭቃና ለአሸዋ ወደ 20 አውርዱ።
5. አራቱንም እኩል አድርጉ። መኪናው ሙሉ ጭነት ካለው የኋላዎቹን በ3 ወይም በ4 ከፍ አድርጉ።

ከ15 በታች አትውረዱ። የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ይለቃል፤ ከለቀቀ ደግሞ በትንሽ ኮምፕሬሰር አይመለስም። ንፋስ ከቀነሳችሁ በኋላ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፣ ኩርባ ላይም በኃይል አትጠምዝዙ።

ኮምፕሬሰር የላችሁም? እንግዲያው ከ26 በታች አታውርዱ። መልሳችሁ የምትሞሉበት ቦታ ሩቅ ነው።

4. ፎርዊሉን ቀድማችሁ አስገቡ

ከተቀረቀራችሁ በኋላ ማስገባት ዘግይቷል። ጭቃው ከመድረሱ በፊት አስገቡ።

*ኤች ፎር (ፎርዊል በተለመደው ማርሽ)፦* ለፒስታ፣ ለኮረኮንች፣ ለሚያንሸራትት መሬት። መሪው ቀጥ ብሎ፣ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ ማስገባት ይቻላል።

*ኤል ፎር (ፎርዊል በሎው)፦* ለወንዝ፣ ለጠንካራ ዳገትና ቁልቁለት፣ ለድንጋይ። ፍጹም ቁሙ። ዋናውን ካምቢዮ ባዶ ላይ አድርጉ። ከዚያ አስገቡ። አልገባም ካለ አትታገሉት። ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ አንቀሳቅሱና ደግማችሁ ሞክሩ።

አሮጌ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ያላችሁ፣ ይህን አንብቡ። የፊት ጎማችሁ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ካለ፣ ሁለቱንም ወርዳችሁ «ሎክ» ወደሚለው ካላዞራችሁ የውስጡ ካምቢዮ ምንም አይሠራም። የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ሹፌሩ ፎርዊል ነኝ ይላል፣ የፊት ጎማው ግን ዝም ብሎ ቆሟል። «ፎርዊሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ጋራዥ የሚገባው መኪና ስንቱ እንዲህ ነው!

የኋላ ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞር) ያለው መኪና ከሆነ፣ ቀጥታና በቀስታ ስትሄዱ ብቻ ተጠቀሙበት። ሎኩ ገብቶ መሪ መጠምዘዝ ዲፈረንሻል ይሰብራል። ፎርዊሉንም ደረቅ አስፋልት ላይ አታቆዩት። መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ሲቆይ ይሰበራሉ። የማያቋርጥ ፎርዊል ያላቸው መኪኖች ግን ከዚህ ነጻ ናቸው።

5. ኮረኮንችና ድንጋይ

አውራ ጣታችሁን ከመሪው ውስጥ አውጡ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ይሽከረከራል፤ ጣት ይሰብራል።

ትልቅ ድንጋይ በሁለቱ ጎማዎች መካከል አታሳልፉ። በጎማው ውጡበት። ጎማ ሲወጣ መኪናው ከፍ ይላል፤ መሐል ስታሳልፉት ግን ሆዱን ይመታል። ሰው አብሯችሁ ካለ ወርዶ ከፊት ይምራ። የሚመራው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው «ግራ!»፣ «ቀኝ!»፣ «በቃ!» ሲል ሹፌሩ ይደነግራል።

ከሳንቃ በር አልፎ ወደ ቧሂት የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጎንደር ላይ ከሚያውቀው ጉልበት በጣም ያጣል። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ። ጠዋት መንገዱ ላይ በረዶ ወይም አመዳይ ሊኖር ይችላል፤ ፀሐይ እስኪነካው ጠብቁ። ከመንገዱ ወጥቶ ሣር ላይ መንዳት ደግሞ በፓርኩ ውስጥ አይፈቀድም።

6. ዋልካ

ደምቢያ ሜዳ ላይ፣ ከአይከል ወርዶ በመተማ ቆላም፣ ያለው ጥቁር አፈር ይኸው ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሲረጥብ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። መጀመሪያ ያንሸራትታል። ቀጥሎ ጎማው ላይ ይጣበቃል፣ የጎማውን ጥርስ ይሞላል። በመጨረሻ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን አላዞርም ይላል። የዚህን ጊዜ ፎርዊልም ሎውም አያድንም።

ዋልካ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው መጠበቅ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ ላዩ በጥቂት ሰዓት ይጠነክራል። ሻይ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ይህን ምክር የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ለሁለት ሰዓት ቆሞ የሄደ ሰው ከሞከረው ሰው ቀድሞ ቤቱ ይገባል።

መሄድ ግድ ከሆነ፦

1. ወርዳችሁ በእግር ግቡበት። ጫማችሁ ላይ የተጣበቀውን እዩ። ቁርጭምጭሚት ድረስ ከገባ መኪናው ሆዱ ድረስ ይገባል። ተመለሱ።
2. ጎማውን ወደ 20 አስተንፍሱ። ኤች ፎር፣ ሁለተኛ ማርሽ። ኤል ፎር አንደኛ ማርሽ ጉልበቱ ስለሚበዛ ጎማውን ባለበት ያሽከረክረዋል።
3. የመንገዱን ጀርባ (ከፍ ያለውን መሐሉን) ያዙ። ዳሩ ይስባል፤ ቦዩ ውስጥ ከገባችሁ አትወጡም።
4. የኢሱዙ ዱካ አትከተሉ። የእሱ ጎማ ከፍ ያለ ነው። ዱካው ጥልቅ ከሆነ የናንተ ሆድ መሐሉ ላይ ይቀመጥና አራቱም ጎማ አየር ላይ ይቀራል።
5. ገብታችሁ እስክትወጡ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሂዱ። አትቁሙ፣ ማርሽ አትቀይሩ፣ ፍሬን አትርገጡ።
6. ፍጥነቱ እየወረደ ከመጣ መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ አወዛውዙ። የጎማው ጎን አዲስ መሬት ይይዛል።
7. ከቆመ አቁሙ። ነዳጅ አትርገጡ! ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ጉድጓዱን ይቆፍራል።

ማሳ ውስጥ አትግቡ። ዳር ያለው አረንጓዴ ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ጤፍ ወይም ሽምብራ ነው፣ የሰው ዓመት ነው። ከሥሩም ከመንገዱ የባሰ ልል ነው።

7. ወንዝ

መገጭና ሌሎቹም ወንዞች ከወገራ ደጋ ተነሥተው ይወርዳሉ። እናንተ የቆማችሁበት ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ላይ ግን ዘንቧል። ደራሽ ውሃ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው። ከላይ በኩል ደመናው ጠቁሮ ከሆነ፣ ውሃው ቀለሙ ከተለወጠ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከሩቅ ድምፅ ከሰማችሁ አትግቡ። ከመሻገሪያውም ዳር ራቁ።

የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ አጠያየቁን ግን እወቁበት። «ያሳልፋል?» ካላችሁ አብዛኛው ሰው ከቅንነቱ «ያሳልፋል፣ ምን ችግር አለው» ይላችኋል። እንዲህ ጠይቁ፦

«አባቴ፣ ዛሬ መኪና አልፏል?»
«አልፏል እንጂ፣ ጠዋት አልፏል።»
«ምን ዓይነት መኪና?»
«ኢሱዙ ነው።»
«ከዚያ ወዲህ ውሃው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል?»

ኢሱዙ ያለፈበትን ራቭ ፎር አያልፈውም። መልሱ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ከዚያ፦

1. ውሃው ጸጥ ያለ ከሆነ በእግር ተሻገሩ። በትር ያዙ። ድንጋዩን፣ ጉድጓዱን፣ መውጫውን እዩ። በእግር ለመሻገር የፈራችሁትን ውሃ በመኪናም አትሻገሩ።
2. ልኩ የጎማው እምብርት ነው። ጉልበታችሁን ካለፈ ተመለሱ። አንዳንድ ትልልቅ መኪኖች 70 ሴንቲ ሜትር ይችላሉ ቢባልም ያ ለቆመ ውሃ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ብዙውን መኪና፣ ፎርዊሉንም ጨምሮ፣ ጠርጎ ይወስዳል።
3. ከረጅም መንገድ እንደመጣችሁ አትግቡ። ጥቂት አቁማችሁ አቀዝቅዙት። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ በላስቲክ ማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል።
4. መስኮት ክፈቱ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ የበር ሎክ ክፈቱ።
5. ኤል ፎር፣ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ። በቀስታ ግቡ፤ ከገባችሁ በኋላ ከፊታችሁ ትንሽ ማዕበል እየገፋችሁ በዚያው ፍጥነት ሂዱ። ፍሪሲዮን አትርገጡ።
6. አንድ መኪና ተሻግሮ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ።
7. ስትወጡ ፍሬኑን ደጋግማችሁ በቀስታ ርገጡ፤ እስኪደርቅ አይዝም።

*ሞተሩ ውሃው ውስጥ ከጠፋ* አታስነሡት። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ከሆነ አንድ ማስነሻ ፒስተን ማያያዣውን ያጣምመዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው ሙሉ ሞተር ነው። ውሃው እየጨመረ ከሆነ ሰው ይውጣ፣ መኪናው ይቅር። ካልጨመረ ወደገባችሁበት ወደኋላ አስጎትቱ። ደረቅ ላይ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። እርጥብ ከሆነ መካኒክ ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን ፈትቶ ውሃውን ሳያወጣ ቁልፍ አትንኩ።

8. ዳገትና ቁልቁለት

ሁልጊዜ ቀጥ ብላችሁ ውጡ፣ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ጎን ለጎን ያቋረጠ ይገለበጣል።

*ስትወጡ፦* ከጫፉ ማዶ ያለውን በእግር ሄዳችሁ እዩ። ማርሹን ከታች ምረጡ፤ መሐል ላይ አትቀይሩ።

*መሐል ላይ ከቆመ፦* ፍሬን ያዙ፣ የእጅ ፍሬንም ሳቡ። የኋላ ማርሽ በኤል ፎር አስገቡ። ፍሬኑን በቀስታ እየለቀቃችሁ በሞተሩ ኃይል ቀጥ ብላችሁ ወደኋላ ውረዱ። ባዶ ማርሽ ላይ አትተዉት። ለመዞርም አትሞክሩ።

*ስትወርዱ፦* ኤል ፎር አንደኛ ማርሽ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ይነሣ። ሞተሩ ይያዘው። ጎማው ቆሞ መንሸራተት ከጀመረ ፍሬኑን ልቀቁና ትንሽ ነዳጅ ስጡ። እግራችሁ እምቢ ይላል፤ ግን መሪው የሚታዘዘው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው።

እንደ ሊማሊሞ ባለ ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። የፍሬን ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ውሃ አታፍስሱበት።

9. ከተቀረቀራችሁ

1. እግራችሁን ከነዳጁ አንሡ። ሰው ሁሉ ይውረድ።
2. እዩ። ሆዱ ተቀምጧል ወይስ ጎማው ብቻ ነው የገባው? ሆዱ ከተቀመጠ እስክትቆፍሩት ድረስ ምንም አይነቃነቅም።
3. ከአራቱም ጎማ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ አውጡ። ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳይሆን ለስላሳ ዳገት አድርጉት። በፓራፋንጎው ውስጥ የተጠቀጠቀውንም አውጡ።
4. ጎማውን ወደ 16 አስተንፍሱ።
5. ጠጠር፣ ጭራሮ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ጠቅጥቁ። በገባችሁበት መንገድ ወደኋላ መውጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል።
6. መሪው ቀጥ ይበል። በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ ሞክሩ። ጎማው ከዞረ ቶሎ አቁሙና ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ።

*የሚገፉ ሰዎች ሲመጡ፣* መምጣታቸው አይቀርም፣ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። ልጆችን አርቁ። ከኋላ የሚገፋ ሰው ጎማው በቀጥታ ከሚወረውርበት መስመር ይራቅ። መኪናው ወደኋላ ሲመጣ ከኋላው ማንም አይቁም።

*ሌላ መኪና ሲጎትት፣* ገመዱን ሻንሲው ላይ ባለው መጎተቻ ቀለበት ብቻ እሰሩ። ፓራውርቶ ላይ ወይም የተሳቢ ኳስ ላይ ያሰረ ሰው የሚበር ብረት ይለቃል። ገመዱ መሐል ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ጣሉበት፤ ከተበጠሰ ያረግበዋል። ተመልካቹ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ገመዱ ቀስ ብሎ ይወጠር፤ ከዚያ ይሳብ። በሩጫ መምዘግዘግ የለም።

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅም አታስገቡ።

10. አስፋልት ስትደርሱ

ፎርዊሉን አውጡ፣ በእጅ የሚዞረውንም ወደ «ፍሪ» መልሱ። ጎማውን በበሩ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ሙሉ። ባነሰ ንፋስ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎማ ያግላል፣ ያፈነዳል።

ከ60 በላይ ስትሆኑ መሪው ከተንቀጠቀጠ ባላንስ ነው ብላችሁ ጎሚስታ ጋ አትሩጡ። ቸርኬው ውስጥ ዋልካ ደርቆ ተጣብቋል። ከውስጥ በኩል እጠቡት።

የጎማ ብሎኖችን ደግማችሁ አጥብቁ፣ ፊልትሮውን አራግፉ፣ ከሥር የተንጠለጠለ ነገር ካለ እዩ። ወንዝ ገብታችሁ ከነበረ በዚያው ሳምንት የዲፈረንሻልና የካምቢዮ ዘይት ይታይ። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ያኔውኑ ይቀየር።